ሸቭሮሌት 350 በሞዴል ኤ ፎርድ ላይ፦ ከወራት መንዳት በኋላ

ሆት ሮድ፣ ማለትም ብርቱ ሞተር የተገጠመበት የድሮ መኪና፣ ለመሥራት የተነሳ ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከአንድ ጥያቄ ነው። የትኛውን ሞተር ልግጠምበት? እኔ ብዙ አንብቤ፣ ብዙ ለክቼ፣ በመጨረሻ ሸቭሮሌት 350 ላይ አረፍኩ። መኪናው ጋራዥ ውስጥ ተሸፍኖ የሚቀመጥ ጌጥ አይደለም። ለወራት እየነዳሁት ነው፤ በፀሐይም በዝናብም፣ በከተማ መጨናነቅም በረጅም መንገድም። ስለዚህ አሁን ስለ ሞተሩ በድፍረት መናገር እችላለሁ።

መጀመሪያ መኪናውን ላስተዋውቃችሁ። ቦዲው የ1931 ሞዴል ኤ ፎርድ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከፋብሪካ ሲወጣ ባለ 4 ሲሊንደር፣ 3.3 ሊትር፣ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ነበረው። አሁን በቦታው የተቀመጠው ባለ 8 ሲሊንደር፣ 350 ኪዩቢክ ኢንች ነው። በሊትር 5.7 መሆኑ ነው። ብሎኩ ከ1987 ወዲህ ከተሠሩት፣ ሮለር ሊፍተር (ቫልቭ የሚገፋ፣ ጫፉ የሚንከባለል ክፍል) ከሚቀበሉት ነው። ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት ለዘብ ያለ ነው። ላዩ ላይ አየርና ነዳጅ የሚቀላቅል ባለ 4 ጉሮሮ ካርቡሬተር አለ፤ 600 ሲኤፍኤም ነው፣ በደቂቃ 600 ኪዩቢክ ፊት አየር ያሳልፋል ማለት ነው። ካምቢዮው አውቶማቲክ 700 አር 4 ነው። የዲፈረንሻሉ የማርሽ ሬሾ 3.70፣ የኋላ ጎማው ቁመት 28 ኢንች።

ለምን 350? ትልቁ ምክንያት መለዋወጫ ነው። የዚህ ሞተር ቤተሰብ በ1955 በ265 ኪዩቢክ ኢንች ጀመረ። 350ው በ1967 ከካማሮ ጋር መጣ። ከዚያ በኋላ በሴዳኑም በፒካፑም በቫኑም ሲገጠም ኖረ። ከውጭ ሲታይ የቤተሰቡ ሞተሮች መጠናቸው ተመሳሳይ ስለሆነ የአንዱ ማኒፎልድ (አየር የሚያስገባው ወይም ጢስ የሚያወጣው ክፍል) ወይም የውሃ ፓምፕ ብዙውን ጊዜ ለሌላው ይሆናል። የማይገኝ ነገር የለም ማለት ይቻላል። በእጁ መኪና ለሚሠራ ሰው ይህ ከፈረስ ጉልበት ይበልጣል። ጉልበት ያለው ግን ጋስኬቱ የጠፋ ሞተር ይዞ መቀመጥ ምን ይጠቅማል?

ሁሉም ነገር ግን አልጋ በአልጋ አይደለም። ከመለዋወጫው ቀጥሎ ሥራውን የሚወስነው ቦታ ነው። እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ላስረዳ፤ ሞተር ገዝተው ካመጡ በኋላ የሚቸገሩ ሰዎች የሚቸገሩት እዚህ ነውና።

የዚህ ሞተር ዲስትሪቢውተር፣ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው ክፍል፣ ያለው ከኋላ ነው፤ ከካርቡሬተሩ ጀርባ፣ ከፋየርዎሉ ፊት ለፊት። ፋየርዎል የምለው ሞተሩንና ተሳፋሪውን የሚለየውን የብረት ግድግዳ ነው። ከፊት ደግሞ ፋኑ ከራዲያተሩ ጋር መራራቅ አለበት። የሞዴል ኤ ኮፋኖ አጭር ነው። ሞተሩን ወደ ኋላ ስትገፉት ዲስትሪቢውተሩ ግድግዳውን ይመታል፤ ወደ ፊት ስትገፉት ፋኑ ራዲያተሩን ይበላዋል። የእኔ መፍትሔ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛ፣ ቀድሞ በ1955 እና በ1968 መካከል በነበሩት የቤት መኪኖች ላይ ይገጠም የነበረውን አጭር የውሃ ፓምፕ ተጠቀምኩ። ሁለተኛ፣ ፋየርዎሉን መሃሉ ላይ ቆርጬ 5 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ውስጥ አስገባሁት።

ዲስትሪቢውተሩ "ገባ" ማለት ብቻ ግን አይበቃም። ክዳኑ ወደ ላይ ተነስቶ መውጣት አለበት። በጎኑ የተንጠለጠለው የቫኪዩም ቆርቆሮ ታይሚንግ (እሳቱ የሚተኮስበት ቅጽበት) ሲስተካከል ወዲያና ወዲህ መዞሪያ ይፈልጋል። ከሥሩ ያለውን ቡሎን የሚፈታ ቁልፍ መግቢያ ይፈልጋል። እኔ ፋየርዎሉን የበየድኩት ዲስትሪቢውተሩን ቦታው ላይ አስቀምጬ፣ በእጄ እያዞርኩ፣ ክዳኑን እያወጣሁና እየመለስኩ ከለካሁ በኋላ ነው። ዛሬ ታይሚንግ ሳስተካክል እጄ ከምንም ጋር አይጋጭም። ይህንን ሥራ በጣም እወደዋለሁ።

ስለ አጭሩ ፓምፕ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በኋለኞቹ ዘመናት አንድ ረጅም ጠፍጣፋ ቺንጋ ሁሉንም ነገር የሚያዞርባቸው ሞተሮች የውሃ ፓምፕ የሚሽከረከረው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ያንን ፓምፕ በድሮው ባለ ቪ ቺንጋ ካዞራችሁት ውሃውን በደንብ አይገፋውም። ምንም የተሰበረ ነገር አይታይም፤ ሞተሩ ግን ይግላል። ፓምፕ ስትገዙ የሚዞርበትን አቅጣጫ ጠይቁ።

የመሪው ዘንግ በግራ በኩል ከጢስ ማውጫው አጠገብ ያልፋል። ለዚህ የበግ ቀንድ የሚባለውን የብረት ማኒፎልድ መረጥኩ። መሃል ላይ ተሰብስቦ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ስለሚወርድ ለመሪው ቦታ ይለቃል። የቱቦ ሄደር፣ ከቱቦ የተሠራው ጢስ ማውጫ፣ ትንሽ ጉልበት ይጨምራል፤ ግን በዚህ ጠባብ ቦታ ጸባዩ አስቸጋሪ ነው። ብረቱ ደግሞ አይንጫጫም፣ ጋስኬትም አይበላም። ለኔ አጠቃቀም ብረቱ ይሻላል።

ወደ ሙቀት እንምጣ። ሆት ሮድ ይግላል ሲባል ሰምታችኋል። የእኔ በደህናው ቀን በ82 ዲግሪ ሴልሺየስ ቴርሞስታት ይሄዳል፤ በመንገድ ላይ ጌጁ 85 አካባቢ ይቆማል። መጨናነቅ ውስጥ ስገባ 95 ይደርሳል፤ ከዚያ አያልፍም። ይህን ያመጣው ትልቅ ራዲያተር ብቻ አይደለም። በሞዴል ኤ ፊት ላይ የሚገባው ራዲያተር ጠባብ ነው። ለውጥ ያመጣው በፋኑ ዙሪያ ያለው ሽፋን ነው። ያለ ሽፋን ፋኑ የሚስበው ፊት ለፊቱ ያለውን ክብ ብቻ ነው፤ ጥጎቹ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ሽፋኑ ሲኖር ግን አየሩ በሙሉ ራዲያተሩ ውስጥ አልፎ ይመጣል።

ሞተር ሲግልባችሁ የሚግልበትን ሰዓት አስተውሉ። ቆሞ በሚኒሞ ሲሠራ የሚግል ከሆነ ችግሩ የአየር ነው፤ ፋኑን፣ ሽፋኑን፣ ቺንጋውን እዩ። በፍጥነት ሲሄድ የሚግል ከሆነ ግን አየር እንደ ልብ አለ፤ ስለዚህ የራዲያተሩን አቅም፣ የውሃውን ዝውውር፣ ወይም የታይሚንጉን መዘግየትና የነዳጁን መሳሳት ፈትሹ። የራዲያተሩን ክዳንም አትናቁት። 1 ባር ያህል ግፊት የሚይዝ ክዳን ንጹህ ውሃን እንኳ እስከ 120 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ያቆየዋል።

በካርቡሬተሩ ላይ ብዙ ክርክር ገጥሞኛል። "750 አድርገው፣ 600 ያንቀዋል" ያሉኝ ነበሩ። ሒሳቡ ግን ቀላል ነው። የሞተሩን ኪዩቢክ ኢንች በከፍተኛው ዙር አባዙና ለ3456 አካፍሉ። 350 ሲባዛ በ5500፣ ሲካፈል ለ3456፣ ወደ 557 ይመጣል። ያም ሲሊንደሮቹ መቶ በመቶ ቢሞሉ ነው። የመንገድ ሞተር ደግሞ ያን ያህል አይሞላም። በ85 በመቶ ብታሰሉት 473 አካባቢ ነው። ስለዚህ 600 ይተርፋል። ካርቡሬተሩ ሲያንስ አየሩ በጉሮሮው በፍጥነት ስለሚያልፍ ነዳጁን በደንብ ይስባል፤ ፔዳሉን ነካ ስታደርጉት ወዲያው ይመልሳል። በወራት መንዳት ውስጥ ይህን በየቀኑ አይቼዋለሁ። ካንዴላዎቹን ስፈታ ጫፋቸው ፈካ ያለ ቡናማ ነው፤ ጥቀርሻም ነጭነትም የለም።

ካርቡሬተሩ የሚያስቸግረው ከቆመ በኋላ ነው። ረጅም መንገድ ነድቼ አቆምኩ እንበል። ሞተሩ ጠፍቷል፣ አየር የለም፣ ሙቀቱ ወደ ላይ ይወጣል። ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ይፈላል። ተመልሼ ሳስነሳ ሞተሪኖው ብዙ ይሽከረከራል፣ ሽታ ይሸታል፣ ከዚያ ይነሳል። ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ደግሞ በቀላሉ ስለሚተን ነገሩን ያባብሰዋል። ከካርቡሬተሩ ሥር ሙቀት የማያሳልፍ ወፍራም ማስቀመጫ አደረግኩ። የነዳጅ ቱቦውን ከጢስ ማውጫው አራቅኩት። በጣም ተሻሽሏል። ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም፤ የዚህ ምርጫ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው።

ዘይትስ? የአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ፊትና ኋላ ጫፎች ላይ የሚገቡት የቡሽ ጋስኬቶች በጊዜ ብዛት ይንሸራተታሉ። እኔ ከጅምሩ ጣልኳቸው። በምትካቸው ብረቱን በደንብ አጽድቼ 6 ሚሊሜትር ያህል ከፍታ ያለው የሲሊኮን መስመር አወጣሁ። ላዩ ትንሽ እስኪደርቅ ጠብቄ ማኒፎልዱን ቀጥ አድርጌ አወረድኩት። እስካሁን ጠብታ የለም።

አሁን ስለ ማርሹ። ሰው ሞተር ሲመርጥ ካምቢዮውን ይረሳል፤ መንገድ ላይ ግን የምትኖሩት ከዙሩ ጋር ነው። በ3.70 ዲፈረንሻልና በ28 ኢንች ጎማ፣ ቀጥታ ማርሽ ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ሞተሩ ወደ 2750 ዙር ይዞራል። ክፍት ኮፋኖ ባለው መኪና ውስጥ ይህ ራስ ያዞራል። የ700 አር 4 አራተኛ ማርሽ 0.70 ነው። እሱ ሲገባ ዙሩ ወደ 1930 ይወርዳል። መኪናው ይረጋል፣ ከጎን ከተቀመጠ ሰው ጋር ማውራት ይቻላል። አንደኛ ማርሹ ደግሞ 3.06 ስለሆነ ከቆመበት ሲነሳ ክብደት ያለው አይመስልም። የነዳጅ ፍጆታዬ በከተማ 17 ሊትር ለ100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ በረጅም መንገድ ወደ 13 ይወርዳል።

የዚህ ካምቢዮ ሕይወት ያለው ከካርቡሬተሩ ጋር በምታገናኘው አንዲት ኬብል ላይ ነው። ኬብሏ የውስጡን የዘይት ግፊት ትቆጣጠራለች። ርዝመቷ ወይም ማዕዘኗ ከተሳሳተ ግፊቱ ይወርድና ውስጡ ያሉት ክላቾች ይቃጠላሉ። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሲረገጥ ኬብሏ እስከ መጨረሻዋ መሳብ አለባት። የግፊት ጌጅ ሳታስሩ ወደ መንገድ አትውጡ።

ድምፁን ሳልጠቅስ አላልፍም። የእሳቱ ቅደም ተከተል 1-8-4-3-6-5-7-2 ነው። ጎዶሎዎቹ ሲሊንደሮች በግራ፣ ሙሉዎቹ በቀኝ ናቸው። ቁጥሮቹን በጣታችሁ ተከተሉ። 8 እና 4 ተከታትለው ከቀኝ ይተኩሳሉ፤ 5 እና 7 ተከታትለው ከግራ። ይህ ጥንድ ጥንድ ምት ነው ማርሚታው ላይ ሲደርስ ያንን የሚንደቀደቅ ድምፅ የሚሰጠው። እስካሁን አልጠገብኩትም።

ሌላ ሞተር ቢሆንስ? የፎርድ ፍላትሄድ ባለ 8 ሲሊንደር የሆት ሮድ ሁሉ ሥር ነው። በ1932 ሲወጣ 221 ኪዩቢክ ኢንችና 65 የፈረስ ጉልበት ነበረው። መልኩን የሚያህል የለም። ነገር ግን ጢሱ የሚወጣው በብሎኩ ውስጥ፣ በውሃው መካከል አልፎ ነው፤ ስለዚህ ራዲያተሩ ላይ ብዙ ሸክም ይጥላል። ለታሪክ ፍቅር የምትሠሩ ከሆነ እሱን ውሰዱ፣ ደስ ይበላችሁ። በየቀኑ ለመንዳት ከሆነ አልመክርም።

ፎርድ 302 ግን የእኔ ምርጫ ብርቱ ተፎካካሪ ነው። ዲስትሪቢውተሩ ከፊት ነው። ፋየርዎል መቁረጥ የማትፈልጉ ከሆነ ይህ ብቻ ሊወስን ይችላል። ጠባብም ቀላልም ነው። የዘይት ቋቱ ግን በብዙዎቹ ላይ ከፊት ስለሚወርድ ከፊተኛው የሻሲ ማገር ጋር እንዳይጋጭ አስቀድማችሁ ለኩ። ቦዲዬ ያልተነካና ያልዛገ ቢሆን ኖሮ 302ን እመርጥ ነበር።

ከ1997 ወዲህ የመጡት የሸቭሮሌት ኤልኤስ ሞተሮች ደግሞ በጉልበትም በነዳጅ ቁጠባም ከ350 ይበልጣሉ። ይህ አያከራክርም። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር እሳት የሚሰጥ የራሱ ኮይል አለው፤ ዲስትሪቢውተር የሚባል የለም። ሙቅ ሲሆን ማስነሳት ችግር አይሆንም። በምላሹ ኮምፒውተር፣ የሽቦ መረብና 4 ባር የሚገፋ የነዳጅ ፓምፕ ትፈልጋላችሁ። ኤሌክትሪክ የሚወድ ሰው አይፍራው። እኔ በመንገድ ዳር በጠመንጃ መፍቻና በታይሚንግ መብራት የሚስተካከል ሞተር እፈልግ ነበር፤ አግኝቻለሁም።

ሞተሩን የምቀይርበት ምክንያት አላየሁም። የሚቀየረው ካርቡሬተሩ ነው። በእሱ ቦታ፣ በዚያው ማኒፎልድ ላይ የሚቀመጥ የነዳጅ መርጫ አስቤያለሁ። ለዚያ ወደ ታንከሩ የሚመለስ ቱቦ ዘርግቻለሁ፤ ጢስ ማውጫው ላይም የኦክስጅን ሴንሰሩ የሚገባበትን ቀለበት በይጄ በቡሎን ዘግቼዋለሁ።