ለወይን ሥር ተባይ ምን ይገዛ? የአፈር ማጠኛ መድኃኒቶችና የተዳቀለ ችግኝ ንጽጽር

ከመርሳ እስከ ቆቦ ባለው ሜዳ ወይን ለመትከል የሚያስብ ሰው ስለ ፊሎክሴራ ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው መድኃኒቱን ነው። ይህች ደቃቃ ቢጫ ነፍሳት ሥሩን እየመጠጠች በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይን የወይን እርሻ አውድማለች።

ከአፈር ማጠኛ መድኃኒቶች ዳዞሜት ደቃቅ ፍርፍር፣ ሜታም ሶዲየም ፈሳሽ ነው። እርጥብ አፈር ሲያገኙ ሁለቱም አንድ ዓይነት መርዛም ጋዝ ስለሚለቁ በገዳይነታቸው ብዙ አይለያዩም። የጠብታ መስኖ ላለው ሜታም ሶዲየም ይሻላል፤ ከውሃው ጋር ይሰርጋል። ዳዞሜት ተበትኖ ከአፈር ጋር መቀላቀልና በፕላስቲክ መሸፈን አለበት፤ በበሬ ለሚያርስ ሰው ከማረሻው ጥልቀት ብዙም አያልፍም። ዳይክሎሮፕሮፒን ጠለቅ ብሎ ይገባል፣ ግን የትራክተር መሣሪያ ይፈልጋል። ሜታይል ብሮማይድ የሚያቀርብላችሁ ካለ አትግዙ፤ ኦዞንን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በታዳጊ አገሮችም እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ከአፈር ማጠኛነት እንዲወጣ ተወስኗል።

ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው። ጋዙ የወይኑንም ሥር ስለሚገድል የሚያገለግለው ከተከላ በፊት ብቻ ነው፤ ተባዩ ደግሞ ከአንድ ሜትር በታች በቀረ አሮጌ ሥር ላይ ሊቆይ ይችላል። ጋዝ በደንብ የሚሰራጨው በአሸዋማ አፈር ነው፣ በአሸዋ ውስጥ ግን ፊሎክሴራ እምብዛም አትራባም። በዋልካ ጋዙ ይታፈናል፤ ነፍሳቷ ግን በስንጥቁ ትመላለሳለች። መድኃኒቱ የሚሠራበት መሬት መድኃኒቱን የማይፈልገው መሬት ነው ማለት ነው!

ስለዚህ ገንዘባችሁን ተባዩን በሚቋቋም የአሜሪካ የወይን ሥር ላይ ለተዳቀለ (ቅርንጫፉ በሥሩ ላይ ለተጣበቀ) ችግኝ አውሉት እላለሁ። ሻጩንም የሥሩን ዝርያ ስም ጠይቁ። በካሊፎርኒያ ኤኤክስአር1 የተባለው ሥር ራሱ በዘሩ ከአውሮፓ ወይን ጋር የተቀላቀለ በመሆኑ በ1980ዎቹ በተባዩ ተሸንፎ ሰፊ ማሳ ተነቅሏል።

መድኃኒቱን መሞከር የሚፈልግ ግን የተመዘገበውን ብቻ ይግዛ፤ የጋዝ መከላከያ ጭንብል ያድርግ፤ ከቤትና ከከብት ይራቅ። ከማሳው አንዱን መደብ ሳይታጠን ይተው፤ በቀጣዩ ወቅት ከሁለቱም ሥር ቆፍሮ በአጉሊ መነጽር ያነጻጽር። ከመትከሉ በፊት ደግሞ ከታጠነውና ካልታጠነው አፈር ክዳን ባላቸው ማሰሮዎች ለየብቻ ጨምሮ እርጥብ አድርጎ ፌጦ ይዝራበት። በታጠነው ላይ ፌጦው ካልበቀለ ወይም ከቀጨጨ ጋዙ አልወጣም፤ መሬቱን ገልብጦ ያናፍስና እንደገና ይሞክር።