ሲስተርዬ፣ እጅሽ ይባረክ!

ይህን የምጽፈው ለምስጋና ነው። ቤት ውስጥ ሬዲዮና ስፒከር እየፈታ የሚጠግን ልጅ ያላችሁ ግን እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ልጄ ሶልደር አድርጎ (በሚቀልጥ ብረት ሽቦውን አጣብቆ) ሲጨርስ የተረፈውን የሽቦ ጫፍ በመቁረጫ ይቆርጣል። አንዷ ቁራጭ ተፈናጥራ ዓይኑ ውስጥ ገባች። በውኃ ታጠበ፣ አልወጣለትም። ባርገበገበ ቁጥር ይቧጥጠዋል፣ እንባው አይቆምም።

መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ካርድ አስወጡን፣ ግማሽ ቀን አስቀመጡን፣ ከዚያ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት «አለርጂ ነው» ብለው ጠብታ ጻፉ። ሌላው ቦታ በባትሪ አብርተው «ምንም የለም፣ ጭሱ ነው» አሉን። ምንም ከሌለ ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ለምን እንቅልፍ ያጣል? ገንዘቡስ ይቅር፤ እንደ ሰው የሚያየን መጥፋቱ ነው አንጀቴን ያሳረረው።

በጎረቤት ጥቆማ ኮልፌ ወዳለች አንዲት ትንሽ የዓይን ክሊኒክ ሄድን። እዚያ የምትሠራውን ሲስተር እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ገና ሳትነካው «ወንድሜ፣ ስታርገበግበው ነው የሚወጋህ?» አለችው። የሚያደነዝዝ ጠብታ አደረገችለት። ብርቱካንማ ወረቀት አስነክታ በሰማያዊ መብራት ስታየው፣ ከላይ ወደ ታች የተጫሩ ቀጫጭን መስመሮች አረንጓዴ ሆነው በሩ። እኔንም ጠርታ አሳየችኝ። «የሚጭረው ነገር ከላይ ተደብቋል ማለት ነው፣ እናቴ» አለች። ወደ ታች እንዲያይ ነግራው፣ ሽፋሽፍቱን ያዝ አድርጋ የላይኛውን ቆብ በጥጥ እንጨት ገለበጠችው። ይኸውላችሁ! አሸዋ የምታክል የምታብረቀርቅ ነገር እዚያ ተለጥፋለች። በእርጥብ ጥጥ ጠረግ አደረገቻት፣ አለቀ። «እማ፣ ለቀቀኝ» አለኝ ልጄ። እኔ እዚያው እንባዬ መጣ።

ደጅ ወረፋ ሞልቶ እያለ እንኳ አላባረረችንም። ቤት እንዴት እንደሚሠራ ጠየቀችው። አንድ ሱቅ «ለዓይን ጥሩ ነው» ብሎ የሸጠለትን ጥቁር የበያጅ መነጽር ስትሰማ አዘነች። ያ ለኤሌክትሪክ ብየዳ ብርሃን ነው፤ ሶልደር እንደዚያ ያለ ብርሃን የለውም፤ ጨለማው ይበልጥ እንድታጎነብስ ያደርግሃል አለችው። የሚያስፈልገው ነጭ፣ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ የመከላከያ መነጽር ነው፣ ጎንና ጎኑ የተሸፈነ። የማንበቢያ መነጽር በጎን ያስገባል። ሽቦ ስትቆርጥ የሚቆረጠውን ጫፍ በጣትህ ያዘው፣ ከጭሱ በላይ አታጎንብስ፣ መስኮት ክፈት፣ ሶልደሩ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል እጅህን ሳትታጠብ ዓይንህን አትንካ አለችው። የሆነ ነገር ከገባ ደግሞ ማሸት የለም፤ ዓይን ውስጥ የተሰካ ከሆነ ሳትነኩት በቀጥታ ወደ ዓይን ሐኪም ነው።

መነጽሩን ያን ቀን ገዛንለት። የሶልደር ማሽኑ ጫፍ ከ300 ዲግሪ በላይ እንደሚሞቅ ልጄ ራሱ ነው የነገረኝ፤ አሁን መነጽሩን ሳያደርግ አይለኩሰውም። እባካችሁ ለልጆቻችሁ ግዙላቸው፣ ዛሬውኑ ግዙላቸው!

ሲስተር ስሟ እንዳይጻፍ ለምናኛለች፣ አከብራለሁ። ዓይኑን ያመመው ሰው ካለ ግን እሷ ጋ ይሂድ፤ ደግሜ እላለሁ፣ እሷ ጋ ይሂድ። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። በጠዋት ብትሄዱ ወረፋው ይቀላል።