ታስሮ የወጣ አጎት ወይስ ሴት አያት፦ ሞግዚት ማን ይሁን?

አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እናት አባታቸው የሞቱባቸው ልጆች አሉ እንበል። የሚያበላቸው አጎታቸው ነው፤ ግን ታስሮ ወጥቷል። አያታቸው አሉ፣ ጉልበታቸው ግን ደክሟል። የልጆቹ ሕጋዊ ሞግዚት ለመሆን ለፍርድ ቤት ማን ያመልክት?

ቅደም ተከተል፦ አያት። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ወላጆች በኑዛዜ ሰው ካልሾሙ፣ ከአያት ይጀምራል። አጎትና አክስት ከወንድምና እህትም በኋላ ናቸው።

ስጋት፦ አጎት ላይ ሰፈሩ ቶሎ «እሱማ አይሆንም» ይላል። መታሰር ብቻውን ግን በር አይዘጋም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 123 ዳኛው የሞግዚትነት መብትንም እንዲሽር ይፈቅዳል። ተሽሮ እንደሆነ የሚታወቀው ከፍርዱ ነው። ስለዚህ ምስክር ከመፈለግ በፊት የፍርዱን ግልባጭ አውጡና የመጨረሻውን ገጽ አንብቡ። ጥፋቱ በልጅ ላይ ከሆነ፣ ባይሞከር ይሻላል ባይ ነኝ።

ምቾት፦ በአያት ስም ከሆነ ባንክም ትምህርት ቤትም የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው። አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖሩ ሴትዮ ቀላል አይደለም። አጎት ይፈጥናል።

አያት አልጋ ላይ ከዋሉና ፍርዱ መብቱን ካልነካ፣ አጎት። የውርስ ቤት ካለና ዘመድ ከተጠራጠረ፣ አያት፤ አጎት እያገዘ። ቤቱ ገላን ወይም ለገጣፎ ከሆነ ግን ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው እዚያው ያለ ጠበቃ ጠይቁ።