ማዘዣዋ ሲመጣ እፎይ የምንላት የጥርስ ሐኪም

ይህን የምንጽፈው ባሕር ዳር ፋርማሲ ውስጥ የምንሠራ ባለሙያዎች ነን። የምናመሰግናት የጥርስ ሐኪም ስሟ በአደባባይ እንዲጠራ አትወድም፤ ክሊኒኳን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀን።

ምሬታችንን እናስቀድም። ጥርሴን አመመኝ ላለ ሁሉ አሞክሳሲሊንና ሜትሮኒዳዞል የተባሉ አንቲባዮቲኮችን ደርቦ የሚልክ ማዘዣ ሰልችቶናል። የጥርስ ነርቭ ተቆጥቶ የሚያመጣው ሕመም በአንቲባዮቲክ አይድንም፤ ጥርሱ ራሱ መታከም ወይ መነቀል አለበት። ይባስ ብሎ ዋርፋሪን የተባለ የደም ማቅጠኛ ለሚወስዱ አባት ሜትሮኒዳዞል ታዝዞላቸው መጡ። ሁለቱ ሲገናኙ ደሙ ከልክ በላይ ይቀጥናል፣ የተነቀለበት ቦታ መድማቱን አያቆምም። ደውለን ብንጠይቅ «ዝም ብላችሁ ስጡ» ተባልን። የት እንደሆነ አንናገርም።

እሷ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ሲመጣላት የአይ ኤን አር (ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳይ ምርመራ) ውጤት ሳታይ መንቀያ አታነሣም፤ መድኃኒቱንም በራስህ አቁም አትልም። ለሌላ ሰው ሜትሮኒዳዞል ካዘዘች ደግሞ ማዘዣው ጀርባ ላይ «ጠላም፣ ጠጅም፣ አረቄም የለም፤ ካለቀ በኋላም 2 ቀን» ብላ በእጇ ትጽፋለች። በስም መዘርዘሯ ወዳ አይደለም፣ ጠላን ከመጠጥ የማይቆጥር ስንት ሰው አለ!

ሰሞኑን አንዲት እናት ከዘጌ በጀልባ የ4 ዓመት ልጇን አምጥታ፣ መድኃኒት ልትገዛ እኛ ዘንድ ስትገባ «ልጄን እስከ 7 ሰዓት በረሃብ አስቀመጠችብኝ» ብላ አማረረች። ልጁ ፈሪ ስለሆነ ጥርሱ የሚነቀለው በማረጋጊያ፣ ማለትም በሚያፈዝዝ መድኃኒት፣ ነበር። ሐኪሟ ምን እንደበላ ሁለት ጊዜ ጠየቀች፤ አንዴ እናቱን፣ አንዴ ልጁን። እናቱ «ምንም» አለች። ልጁ «ቂጣ፣ በወተት» አለ፤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ጀልባው ውስጥ። በማረጋጊያ የፈዘዘ ልጅ ቢያስመልስ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ስለዚህ ምግብና ወተት 6 ሰዓት፣ ውኃ 2 ሰዓት ቀድሞ መቆም አለበት። እሷም ምሳዋን ትታ ጠበቀችው።

ከዚያ ሚዛን ላይ አወጣችው፤ 15 ኪሎ። ለልጅ የማደንዘዣው የሊዶካይን ጣሪያው በኪሎ 4.4 ሚሊ ግራም ነው፤ ለእሱ 66 መሆኑ ነው። ባለ 1.8 ሚሊ ሊትር የ2 በመቶ ካርትሪጅ (መርፌው ውስጥ የሚገባው የማደንዘዣ ብልቃጥ) 36 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ ሁለት ሙሉ ካርትሪጅ 72፣ አለፈ ማለት ነው። «ትንሽ ነው፣ አንድ ልጨምርለት» የሚባለው እዚህ ላይ ነው አደጋው፤ ማረጋጊያ ሲደረብበት ደግሞ ይብሳል። ጣቱ ላይ የኦክስጅን መለኪያ፣ አጠገቡ ኦክስጅን፣ ከእስትንፋሱ ዓይኗን የማትነቅል ነርስ፤ ነቅቶ እስኪያወራም አልለቀቀችውም። ከንፈሩን ደንዝዞ ሳለ እንዳይነክስም ለእናቱ ነግራታለች።

ማዘዣውን እዩት። የፓራሲታሞል ሽሮፕ፣ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም የያዘው፣ «9 ሚሊ ሊትር በየ6 ሰዓቱ፣ በሲሪንጅ ተለክቶ»። «ሁለት ማንኪያ» አይልም፤ የየቤቱ ማንኪያ ልኩ ለየቅል ነው።

ይህ ሁሉ ጾም ለማረጋጊያ ነው እንጂ፣ በማደንዘዣ መርፌ ብቻ የሚነቀልለት አዋቂ በልቶ ቢሄድ ይሻለዋል። ባዶ ሆዱን የመጣ ወንበር ላይ ራሱን ሊስት ይችላል። ጿሚ ከሆናችሁ ንገሯት፣ ከ9 ሰዓት በኋላ ትቀጥራችኋለች።

ሂዱ፣ እሷ ዘንድ ሂዱ። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ ያዙ። ማረጋጊያ የሚሰጠው ሰው ቤት የሚያደርሰው ይኑር፤ እስከ 24 ሰዓትም ሞተርም ባጃጅም አይንዳ።

የዘጌዋ እናት ምክንያቱን ስንነግራት ዝም አለችና «ታዲያ ተመልሼ ላመስግናት?» አለች። ጀልባው ሊያመልጣት ነበር። እኛ እናደርስልሻለን አልናት። ዶክተር፣ ይኸው።