አክስቴ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ቀን

ጥር ላይ አገር ቤት ሦስት ሳምንት ነበርኩ። የምኖረው እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ነው። ዘመዶቼ ሰሜን ሸዋ ናቸው። ከሰርግና ከለቅሶ የተረፈኝን ጊዜ ያሳለፍኩት እዚያው ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ለሕዝብ በሚቀርቡ ንግግሮችና የንባብ ፕሮግራሞች ላይ ነው። ቅሬታም ስላለኝ ስሙን አልጠራም። ለእረፍት ለምትሄዱ ይጠቅማችሁ ይሆናል ብዬ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ስለ መንገዱና ስለ ማደሪያው ብዙ የምለው የለኝም። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት የተሳፈረ ለምሳ ይደርሳል። ያረፍኩበት ፔንሲዮን ንጹሕ ነው። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ስለሆነ ሌሊቱ አጥንት ድረስ ይገባል። ተጨማሪ ብርድ ልብስ ጠይቁ፤ ፊታቸውን ሳያጠቁሩ ይሰጧችኋል።

ወደ ንግግሩ ልምጣ። ርዕሱ ደራሲው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ነበር። ማስታወቂያውን ያሳየኝ እዚያ የሚማር የአክስቴ ልጅ ነው። የተለጠፈው ግቢው ውስጥ ነው፤ ከዚያ ሌላ ያለው በተማሪዎች ቴሌግራም ላይ ብቻ ነው። ከታች በትልቁ «ለሕዝብ ክፍት ነው» ይላል።

አክስቴን ይዣቸው ሄድኩ። የመርሐ ቤቴ ሰው ናቸው፤ ኅሩይም የተወለዱት እዚያ ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የበዓል ጫማቸውን አድርገው መጡ። በዚያ አጥር ሥር ስንት ዓመት አልፈዋል፤ ገብተው ግን አያውቁም። በሩ ላይ ጥበቃው «እማማ፣ መታወቂያ ይዘዋል?» አላቸው። ቤት ረስተውታል። ልጁ ክፉ አይደለም፤ የታዘዘውን ነው የሚሠራው። ግን ሃያ ደቂቃ ፀሐይ ላይ ቆምን። በመጨረሻ አንድ መምህር አይቶን «ከእኔ ጋር ናቸው» ብሎ አስገባን። መክፈቻው አመለጠን።

አዳራሹ ውስጥ አርባ ሰው ቢሆን ነው፤ ሁሉም ተማሪና መምህር። ፊት ያሉት ወንበሮች ለክብር እንግዶች ተብለው ባዶ ናቸው። አክስቴ ከኋላ ተቀመጡ። ድምፅ ማጉያው ይቆራረጥ ስለነበር ግማሹን አልሰሙም። ይሄ አናደደኝ፤ አሁንም ያናድደኛል። የሰባ ዓመት ሴት ከኋላ አስቀምጦ ባዶ ወንበር ማክበር ነውር ነው።

ንግግሩ ግን ጥሩ ነበር፤ በጣም ጥሩ። አቅራቢው ወጣት ነው፤ ወረቀት አላነበበም። ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. ገደማ እንደተወለዱ፣ ከቤተ ክህነት ትምህርት ተነሥተው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እስከመሆን እንደደረሱ፣ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ድረስ ተልከው ያዩትን በመጽሐፍ እንዳሳተሙ ተረከልን። ከአንዱ መጽሐፋቸውም ጥቂት አነበበልን።

ጥያቄ ሲፈቀድ አክስቴ እጃቸውን አነሡ። ማይኩን አልያዙትም። «እኔ ያልተማርኩ ነኝ» ብለው ጀመሩ። «እናቴ ለቆሎ ተማሪ ቁራሽ ሳታስቀምጥ ምሳ አትቀምስም ነበር። ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው፣ ‹በእንተ ስማ ለማርያም› እያሉ ይመጣሉ። ውሻው ይነክሳቸዋል። እናቴ ውሻውን ታባርርና ‹ከነዚህ ውስጥ ማን ምን እንደሚሆን እግዜር ነው የሚያውቀው፤ ስጧቸው› ትለናለች። የእኚህም ሰው እንዲሁ ሳይሆን ይቀራል?»

አዳራሹ ጸጥ አለ። አቅራቢው ከመድረክ ወርዶ አጠገባቸው ተቀመጠና ደብተሩን አወጣ። ከየት ቀበሌ እንደሆኑ፣ የኔታ ማን ይባሉ እንደነበር፣ ተማሪዎቹ የት ጎጆ እንደሚቀልሱ ጠየቃቸው። እሳቸውም አንድ በአንድ ነገሩት።

ከዚያ እኔም ተናገርኩ። ባዝ የምትባለው ከተማ ለብሪስቶል ጎረቤት ናት። ጃንሆይ በስደት የኖሩበት ፌርፊልድ የሚባለው ቤት እዚያ አሁንም አለ፤ በኋላ ለከተማው አረጋውያን ብለው ሰጥተውታል። ኅሩይ ያረፉት በዚያው ስደት፣ በዚያችው ከተማ፣ በ1931 ዓ.ም. መባቻ ነው። አክስቴ ዞር ብለው «አገሩ ይበርዳል?» አሉኝ። ይበርዳል አልኳቸው። «ማን ቀበራቸው?» አሉ። ጃንሆይ ራሳቸው ቀብሩ ላይ ቆመው ስለሳቸው መናገራቸውን ነገርኳቸው። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

የንባብ ፕሮግራሙ በሌላ ቀን ነበር። ተማሪዎች የራሳቸውን ግጥም ያነባሉ። ገሚሱ ችኮላ አለበት፤ ስንኙን ሳያሳርፉ ወደሚቀጥለው ይሮጣሉ። አንዲት ልጅ ግን ስለ እናቷ ወፍጮ ያነበበችው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ሻይ በነፃ ነው።

ለአዘጋጆቹ የምለው ይሄ ነው። ማስታወቂያውን መናኸሪያ፣ ገበያና ቤተ ክርስቲያን በር ላይም ለጥፉት። ለዚያ ቀን ለጥበቃዎቹ ትእዛዝ ስጧቸው። የሥራ ቀን 8 ሰዓት ላይ ማን ሥራ ጥሎ ይመጣል? ቅዳሜ ከሰዓት አድርጉት። የምታስተምሩትን የኖረው ሰው ከአጥሩ ውጭ ነው ያለው።

ስንወጣ ያው ጥበቃ በሩ ላይ ነበር። አክስቴ ቆም አሉና «የሚቀጥለው መቼ ነው ልጄ?» አሉት። አያውቅም። ስልኩን አውጥቶ ወደ ውስጥ ደወለ። «ሐሙስ ነው አሉ፣ እማማ፤ 8 ሰዓት።»

«እንግዲያ መታወቂያዬን ይዤ እመጣለሁ» አሉት።