ውስጡ ምን እንዳለ ያልተጻፈበት የልጅ ምጥን አትግዙ

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ወላጆች፣ ይቺን አንብባችሁ ለሌላውም አድርሱልኝ።

በፌስታል ታስሮ «የ12 እህል የልጅ ምጥን» እየተባለ የሚሸጥ ዱቄት አለ። ላዩ ላይ የሕፃን ፎቶ ተለጥፏል። ውስጡ ምን እንዳለና መቼ እንደተፈጨ ግን አንድ መስመር እንኳ የለም። ዋጋው ከተራው የገንፎ ዱቄት እጥፍ ነው። እህቴ ደሴ ላይ ገዝታ ለሰባት ወር ልጇ ገንፎ ሠራችለት። ጥቂት ማንኪያ እንደጎረሰ ከንፈሩ አበጠ። አንገቱና ሆዱ ላይ ቀይ ቀይ ሽፍ አለበት። ከዚያ ያስመልሰው ጀመር። ሆስፒታል ደርሶ ተረፈ፣ አልሐምዱሊላህ።

በማግስቱ ሻጯ ዘንድ ሄድን። «አብሽሩ፣ ሲለምደው ይተወዋል» አለችን። ስንወተውታት ነው ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ አኩሪ አተርና የዱቄት ወተት እንዳለበት የነገረችን። ገንዘቡንም አልመለሰች። ይባስ ብላ «ወተቱ ካልተስማማው የፍየል ላምጣላችሁ» አለች። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። የላም ወተት አለርጂ ያለበት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የፍየሉም አይስማማውም፤ የሁለቱ ፕሮቲን ተቀራራቢ ነው። ስንቱ ወላጅ አምኗት ይገዛ ይሆን?

ለውዝና ሰሊጥ መጥፎ ሆነው አይደለም። ስድስት ወር የሞላው ልጅ በደንብ ልሞ ከገንፎው ጋር ሊበላ ይችላል። ግን ሁሉም ባንድ ፌስታል ከተደባለቀ የቱ እንዳስቆጣው በምን ይታወቃል? እህሉን ለየብቻ ገዝታችሁ ራሳችሁ አስፈጩ። አዲስ ምግብ አንድ በአንድ፣ በትንሹ፣ ጠዋት ላይ አስጀምሩት። ቀኑን ሙሉ ታዩታላችሁ።

ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከደቂቃዎች እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ይወጣል። ሽፍታ፣ የከንፈርና የዓይን ዙሪያ እብጠት፣ ትውከት። የወተቱ ግን ከሰዓታት አልፎ ከቀናት በኋላም ሊመጣ ይችላል፤ ተቅማጥ፣ አንዳንዴም ሰገራው ላይ ደም ይታያል።

ልጁ ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱ ሲር ሲር ካለ፣ ለቅሶው ከጎረነነ ወይም ሰውነቱ ዝልፍልፍ ካለ ጤና አዳም እየዘፈዘፋችሁ ጊዜ አታቃጥሉ። በባጃጅም በምንም ብላችሁ ሆስፒታል አድርሱት። የሚያተርፈው አድሬናሊን የሚባለው መርፌ ነው። ዱቄቱንም ከነፌስታሉ ያዙት፤ ሐኪሙ መጠየቁ አይቀርም ምን እንደበላ።