ለምክር አገልግሎት ከመፈረማችሁ በፊት ዋጋውን በጽሑፍ ተቀበሉ

ይህን የምጽፈው በአሜሪካ ለምትኖሩና የሥነ ልቦና ምክር ለማግኘት ላሰባችሁ ወገኖቼ ነው። ምክር ከመጠየቅ ወደኋላ እንድትሉ አልፈልግም፤ እኔንም ረድቶኛል። የማስጠነቅቃችሁ ገና በሩ ላይ ስለሚያስፈርሟችሁ ወረቀት ነው።

አባቴ አዲስ አበባ ሲያርፍ ለቀብሩ መድረስ አልቻልኩም። እንቅልፍ ካጣሁ ከሦስት ወር በኋላ በምኖርበት ሜሪላንድ ወደሚገኝ አንድ የምክር ቢሮ ብደውል፣ ኢንሹራንሴን ስለማይቀበሉ ከኪሴ እንደምከፍል፣ ዋጋውም ለአንድ ቀጠሮ 120 ዶላር እንደሆነ ነገሩኝ። በመጀመሪያው ቀን ሠራተኛዋ ታብሌት አቅርባ ገጾቹን በራሷ ጣት እየገፋች «እዚህ ጋ፣ እዚህም ጋ» እያለች አስፈረመችኝ። እንባዬን ለመቆጣጠር እየታገልኩ ስለነበር አንድም መስመር አላነበብኩም። ለስድስት ቀጠሮ ከካርዴ 120፣ 120 ሲቆርጡ ከቆዩ በኋላ የመጀመሪያው «የምዘና ቀጠሮ» ስለሆነ 260፣ የቀሩት አምስቱም እያንዳንዳቸው 185 ዶላር ናቸው ብለው የ465 ዶላር ተጨማሪ ቢል ላኩብኝ።

እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው «ኖ ሰርፕራይዝስ አክት» በተባለው የፌዴራል ሕግ መሠረት፣ ኢንሹራንስ የሌለው ወይም ኢንሹራንሱን ሳይጠቀም ከኪሱ የሚከፍል ሰው «ጉድ ፌዝ ኢስቲሜት» የሚባለውን የዋጋ ግምት በጽሑፍ የማግኘት መብት አለው። ቀጠሮ ሳትይዙም ብትጠይቁ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ሊሰጧችሁ ይገባል። ቢሉ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ፣ በ120 ቀናት ውስጥ 25 ዶላር ከፍላችሁ ጉዳዩን ገለልተኛ አካል እንዲያየው ማድረግ ትችላላችሁ፤ ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስም ዕዳውን ወደ ኮሌክሽን (ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት) መላክ አይፈቀድላቸውም። የእኔ ልዩነት 465 ዶላር ስለነበር ለዚህ ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን 120 የተባለው በስልክ ብቻ በመሆኑ የማመሳክርበት ወረቀት አልነበረኝም።

ገንዘቡስ ይቅር፤ ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ድንገተኛ ነገር ቢደርስብኝ እንዲደወልለት ብዬ የእህቴን ባል ስልክ ፎርሙ ላይ ሞልቼ ነበር። ተጨማሪውን አልከፍልም ስል ቢሮው ለእሱ ደወለ። እህቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ ክፋት በሌለው ድምፅ «የምን ምክር ነው ዕዳ አለባት የሚሉት?» ብሎ ጠየቀኝ። አቦሉን እንኳ ሳልጨርስ ተነሥቼ ወጣሁ። ለእናቴ ያልነገርኳትን ጉዳይ በማግስቱ በቤተ ክርስቲያን ሲጠይቁኝ ምን እንደተሰማኝ የእኛን ማኅበረሰብ ለሚያውቅ መዘርዘር አያስፈልገኝም።

ሂፓ የተባለው፣ የታካሚን የጤና መረጃ ምስጢር የሚጠብቀው የ1996 ሕግ የሚመለከተው ቢሮ ሂሳቡን ለማስከፈል የሚያስፈልገውን ያህል መረጃ ለሂሳብ ሠራተኛ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ለማስከፈል አስፈላጊ ሲሆን ሌላ ሰው ማነጋገርም በሕጉ አይከለከልም፤ ከሚያስፈልገው በላይ መረጃ ማውጣት ግን አይፈቀድለትም። ስለዚህ በየትኛው ስልክ ብቻ እንዲደውሉላችሁ፣ ደብዳቤም በየትኛው አድራሻ ብቻ እንዲልኩላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ምክንያታችሁን እንድትናገሩ ማስገደድ አይችሉም። ዕዳ አለባችሁ ብለውም መዝገባችሁን መያዣ ማድረግ አይችሉም፤ ባለሙያው ከመዝገቡ ለይቶ የሚያስቀምጠው የግል ማስታወሻ ግን መዝገብን በማግኘት መብት ውስጥ አይካተትም። ከኢንሹራንስ ጋር በኤሌክትሮኒክ መንገድ የማይሠሩ አንዳንድ ትናንሽ ቢሮዎች ከሂፓ ውጭ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ይህንንም አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

በስልክ መተግበሪያ ምክር የምታገኙም ተጠንቀቁ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ቤተርሄልፕ የተባለውን በኢንተርኔት ምክር የሚሰጥ ድርጅት የደንበኞቹን ኢሜይልና የጤና መጠይቅ መረጃ ለማስታወቂያ ሲል ለፌስቡክና ለስናፕቻት አስተላልፏል ብሎ ከሶት፣ ድርጅቱ በ2023 7.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

እኔ አቤቱታዬን በጤናና ሰብዓዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ሥር ላለው የሲቪል መብቶች ቢሮ አቅርቤአለሁ፤ ለዚህ ጥፋቱን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ 180 ቀናት አላችሁ። የእህቴን ባል ስልክ ከመዝገባቸው እንዲሰርዙ ለምክር ቢሮው የጻፍኩት ደብዳቤ ግን እስካሁን መልስ አላገኘም።